ስለ እስፓርታ ልጆች አስተዳደግ


ልጅ ካልተገረፈ ሰው አይሆንም የሚሉ ወገኖች የጥንቷን የግሪክ ከተማ እስፓርታን ምስክር አድርገው ሲጠሩ እሰማለሁ። በእርግጥ እስፓርታ ወንዱን ልጅ በ7 ዓመቱ ከእናቱ ለይታ፣ በዓመት አንድ ልብስ ሰጥታ፣ ምግቡን ሆን ብላ አሳንሳ ታሳድገው ነበር። ተርቦ ቢሰርቅ የሚገረፈው ስለ መስረቁ ሳይሆን ስለ መያዙ ነው! ፊደል የሚማረውም ለጉዳይ ያህል ብቻ ነበር።

ታዲያ ፍሬው ምን ሆነ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ371 ዓመት በሌውክትራ ጦር ሜዳ ከተሰለፉት 700 ያህል የእስፓርታ ዜጎች 400 ያህሉ ወደቁ፤ ድል ያደረጓቸው ቴብሳውያን ግን እንዲህ ሆነው ያደጉ አልነበሩም። ፈላስፋው አሪስቶትልም ይህ አስተዳደግ ልጆችን እንደ አውሬ ያደርጋቸዋል ሲል ነቅፎታል። ምስክር ጠሪዎቹ ይህን ክፍል ስለ ምን እንደሚዘሉት አልገባኝም።

ከአንድ የልጆች አባት