መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ድምፁስ?

እ.ኤ.አ. በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ሲከፈት ችቦውን የለኮሰው መሐመድ አሊ ነበር (የኛዋ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ያሸነፈችበት ኦሎምፒክ ማለት ነው)። እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም አየ፣ አዘነ፣ አጨበጨበ። ግን እኮ አሊ ከቡጢው እኩል በምላሱ የታወቀ ሰው ነበር! ገና ቀለበቱ ውስጥ ሳይገባ ተጋጣሚውን በቃላት የሚዘርር። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው፤ በ2016 እስኪሞት ድረስም ያ አንደበት ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄደ። ስለ እጁ ብዙ ተወራ። ስለ ድምፁስ?

ነገሩ የአሊ ብቻ አይደለም። ፓርኪንሰን ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይዋል ይደር እንጂ የንግግር ችግር ይገጥማቸዋል። ድምፅ ያንሳል፣ ቃላት ይድበሰበሳሉ፣ አነጋገር ለዛውን ያጣል።

እስቲ አሁን ወደ «ተአምሩ» እንምጣ። በ1987 በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ፣ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ በቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል የሚላክ ኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥን እንደሚገታ አሳዩ። አሜሪካ በ1997 ለመንቀጥቀጥ፣ በ2002 ደግሞ ለሌሎቹም የፓርኪንሰን ምልክቶች ፈቀደችው። ባትሪው ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሽቦው በአንገት በኩል ሽቅብ ይወጣል። ሲበራ የሚንቀጠቀጠው እጅ ቀጥ ይላል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ይደነቃል፤ መደነቅም አለበት።

ጋዜጠኝነት ስላጠናሁ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ካሜራ እጅ ይወዳል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ምስል ይሆናል፤ የጠፋ ድምፅ ምስል የለውም። ስለዚህ ርዕሱ «ለፓርኪንሰን መፍትሔ ተገኘ» ይሆንና የድምፁ ጉዳይ እዚያው ተድበስብሶ ይቀራል።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ሕክምናው ለእጅና ለእግር የሚያደርገውን ያህል ለአንደበት አያደርግም። ንግግር ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል፤ በአንዳንዶች ላይ እንዲያውም ይብሳል። አንዱ ምክንያት ኮረንቲው ከታለመለት ቦታ አልፎ የአፍና የጉሮሮ ጡንቻዎችን ወደሚያዙ የነርቭ መስመሮች መድረሱ ነው። ሐኪሙ ኃይሉን ቢቀንስ ንግግሩ ሊጠራ ይችላል፤ መንቀጥቀጡ ግን ሊመለስ ይችላል። እስቲ አስቡት! ሻይ ሳያፈሱ መጠጣት ወይስ ልጅን በስልክ ማናገር? ምረጥ ቢሏችሁ የቱን ትመርጣላችሁ?

ሕክምናው ይቅር እያልኩ አይደለም። እጁ የታዘዘለት ሰው ኑሮው ተመልሶለታል። የምለው፣ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ታማሚው «ድምፅህ ምንህ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ነው። ለአስተማሪ፣ ለቄስ፣ ለነጋዴ መልሱ አንድ አይደለም። ምርጫው የባለ ድምፁ እንጂ የሽቦው መሆን የለበትም።

ደግሞም ያለ ሽቦ የሚሠራ ነገር አለ። ሊ ሲልቨርማን በምትባል የአሜሪካ፣ አሪዞና ታማሚ ስም የተሰየመ የድምፅ ልምምድ ነው፦ በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ በባለሙያ እየተመሩ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር። በ2024 የታተመ፣ 388 ታማሚዎች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት፣ ይህን የሠሩት ሰዎች የተለመደውን የንግግር ሕክምና ካገኙትም ምንም ካላገኙትም የበለጠ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? «ጮክ ብለህ አንድ ወር ተለማመድ» የሚል ዜና ማንም አያጋራም!

ልምምዱ ለምን አስፈለገ? ታማሚው ድምፁ ማነሱን ራሱ ብዙ ጊዜ ስለማይሰማው ነው። እሱ በደንብ የተናገረ ይመስለዋል፤ እኛ «ምን አልክ?» እንላለን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። በመጨረሻ ይተወዋል። እኛ ቤት ደግሞ የአዛውንት ድምፅ ሲያንስ «አርጅተው ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይሄኛው ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ሰውን ከጨዋታው፣ ከቡናው፣ ከቤተሰቡ ያወጣዋል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ድምፃቸው እያነሰ የሄደ አባት ወይም አክስት ካሏችሁ ቴሌቪዥኑን ቀንሱና ጠጋ በሉ፤ ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸውም ስለ እጃቸው ብቻ አትጠይቁ።

ቸር እንሰንብት!