ፍሪዘር ጎተራ አይደለም

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ ፍሪዘር ወለሉን ያረጥብ ጀመር። ለክፉ ቀን ብላ የሞላችው ነበር፦ ቁሌት በየዕቃው፣ የተበለተ ዶሮ፣ ግማሽ በግ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ። ማታ ኮሪደሩ ላይ ከሰል አያይዘን ስንቀቅልና ስንጠብስ አመሸን። የአራተኛ ፎቅ ሰው ሁሉ ጠግቦ አደረ። ክፉ ቀን ግን ገና አልመጣም ነበር፤ የተቃጠለው አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ነው።

ጠቤ ከሴትዮዋ ጋር አይደለም፤ ሁላችንም ከያዝነው ሐሳብ ጋር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ «ለድንገተኛ ጊዜ ምግብ ያዙ» ሲባል ሰው የሚገባው አስቤዛ ማብዛት ነው። የወሩን የሦስት ወር አድርጎ መግዛት፣ ፓስታውን በካርቶን ማስገባት፣ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ መጠቅጠቅ። አስቤዛና ቀለብ ግን ለየቅል ናቸው። አስቤዛ ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱና መብራቱ በየቦታቸው እስካሉ ድረስ ያበላል። ቀለብ የሚፈለገው እነሱ የጠፉ ዕለት ነው።

ራሴንም አልምርም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ከተማው ወደ ሱቅ ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ። ወፍጮ ቤት ቢዘጋስ ብዬ አንድ ኩንታል ጤፍ አስፈጨሁና ዱቄቱን በሁለት ጆንያ አልጋ ሥር ከተትኩት። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ዱቄቱ ሰነፈጠ፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ፣ አፍ ላይም ይመር ነበር። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደግሞ አንድም ቀን አልተዘጋም። እናቴ ስትሰማ ሳቀችብኝ፦ «ጤፍን በጥሬው ነው እንጂ በዱቄት ማን ያኖረዋል?»

ልክ ነበረች። በቆሎና ስንዴ የሚበላው ነቀዝ ጤፍን አይደፍረውም፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ ልጅ የሚያሳድግበት ቦታ የለውም። ደረቅ ሆኖ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል። ጤፉ በፍሬዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላና ነቀዙ የሚሄድበትም የሚተነፍስበትም ያጣል፤ መብያው ሲደርስ በወንፊት ይለያል። አሁን ባለሙያዎች ለገበሬው የሚያስተዋውቁት አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም የሚሠራው እንዲሁ ነው፦ ነቀዙን አፍኖ። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ወስጄ ጤፉን ጋሻውን አስጣልኩት።

ጥሬ ጤፍ ብቻውን አያበላም ካላችሁኝ እውነት ነው፤ ወፍጮ ይፈልጋል፣ ምጣድ ይፈልጋል፣ የከተማ ምጣድ ደግሞ ሶኬት ይፈልጋል። ለዚህ ነበር ከጎተራው ሌላ ስንቅ የሚባል ነገር የነበረው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። እሳቱን ጨርሰው የገቡ ናቸው። በሶን ብቻ ብንወስድ፣ ገብሱ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፤ የቀረው በውሃ መጨበጥ ነው። ዘማችም ነጋዴም ያንን ይዞ አገር ያቋርጥ ነበር። ዛሬ ድርቆሽ ለእንግዳ ማቅረብ ያሳፍራል። የተረፈውን እንጀራ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ እንዲመታው ማድረግ የድህነት ምልክት ሆኖ፣ ያው እንጀራ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶ ሲሆን ሥልጣኔ ነው። ውጭ አገር የሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ግን የምንጠቀጥቀው ድርቆሽና በሶ ነው። እዚያ ሲደርስ ዋጋው የሚታወቅ ነገር እዚህ ለምን ይናቃል?

የድሮው ሁሉ ደህና ነበር ማለቴ አይደለም። ሐረርጌ ውስጥ ጉድጓድ የሚገባው ማሽላ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ሻጋታውም መርዝ ያፈራል። በ1977ቱ ረሃብ ያለቀው ወገንም ጎተራ አጥቶ አልነበረም፤ ጎተራው ባዶ ስለነበረ ነው። ዝናብ በተከታታይ የራቀውን አገር የጓዳ ስንቅ አያድነውም። የጓዳ ስንቅ የሚያሻግረው ሳምንታትን ነው፣ ቢበዛ ወራትን።

የከተማው ጥንቃቄ ደግሞ አንዳንዴ ከረሃቡ የባሰ ነው። ጆንያ ውስጥ ጣል የሚደረገው የነቀዝ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሰው ለማያድርበት፣ ለታሸገ መጋዘን የተሠራ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ልጆች የሚተኙበት አልጋ ሥር እህል አድርጎ ያንን ኪኒን መጨመር ምን ዓይነት ለክፉ ቀን መዘጋጀት ነው?

ደግሞስ «የሦስት ወር ያዙ» የሚባለው ማን ነው? ዘይት በሲኒ፣ ሽሮ በትንሽ ላስቲክ የሚገዛው የቀን ሠራተኛ? ለእሱ ምክሩ ስድብ ነው። አቅሙ ያለው ደግሞ የሚገዛው ወሬ በሰማ ማግስት ነው፤ ያኔ ዋጋው ይሰቀላል፣ ዘይት በሲኒ የሚገዛው ሰው ሲኒዋንም ያጣል። ከዚያ ሁሉም «ስግብግብ» እየተባባለ ይሰዳደባል። እህል አዲሱ ተወቅቶ ጥር ላይ ረከስ ሲል የገዛ ሰው ግን ማንንም አልነጠቀም። ከማኅበር ወይም ከጎረቤት ጋር ሆኖ ከገበሬው ቢያመጣ ደግሞ ያ የቀን ሠራተኛም በየወሩ እየከፈለ አንድ ቁና ሊደርሰው ይችላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕድርም ዕቁብም ያለው ሕዝብ ነን፣ ለቀብር የምናዋጣውን ለጤፍ ማዋጣት ያቃተን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ በዚያች ማታ ጥብሱን እያገላበጥኩ ነግሬያት ነበር። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ባለፈው ቅዳሜ በሩን አንኳኳች፤ ታች ከመኪና ላይ የሚወርድ ዕቃ አለና እርዳኝ አለችኝ። አዲስ ፍሪዘር ነው፤ ከበፊቱ ይበልጣል። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ አራት ሆነን ተሸከምነው።