አሥር ገምጋሚ፣ አንድ ምስክር

የስፖርት መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የባለሙያዎችን ግምገማ አወዳድር»። ምክሩ ብልህ ይመስላል። ገዢውም ማታ ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ አሥር ቪዲዮ ያያል፣ አምስት መጽሔት ያነባል፣ ነጥቦቹን ይደምራል፣ ያካፍላል። አሥሩም «ድንቅ ነው» ካሉ ልቡ ይረጋል። አሥር አዋቂ እንዴት አንድ ላይ ይሳሳታል?

ይሳሳታል። ምክንያቱም አሥር ገምጋሚ ማለት አሥር ምስክር ማለት አይደለም። አሥሩም በአንድ ጋባዥ ወጪ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ ሰው መርጦ ያሰናዳቸውን መኪኖች ነድተው ከሆነ፣ ችሎት ቢቀርቡ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ምስክር ነው። ያውም ከባለጉዳዩ ቤት በልቶ እንደመጣ ምስክር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ «ግምገማ» የሚለው ቃል ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል። ውጤቱ ከስብሰባው በፊት ያለቀለት ግምገማ በዚህ አገር ስንት ጊዜ ታይቷል? አንድ ሰው ብቻ ያሰበውን አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን አውጥቶ ሲያጸድቀው ስንት ጊዜ ታይቷል? የእጆቹ ብዛት ሐሳቡን ትክክል አላደረገውም። በመኪናም ያው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ግምገማው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይቀድማል። አዲስ የስፖርት መኪና ሲወጣ አምራቹ ጋዜጠኞችንና የዩቲዩብ ገምጋሚዎችን ይጠራል። ብዙውን ጊዜ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉንና እራቱን የሚከፍለው አምራቹ ነው። ቦታውን የሚመርጠውም እሱ ነው፦ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ፣ የተከራየ የእሽቅድምድም ሜዳ፣ አየሩ ደህና የሆነበት ወቅት። መኪኖቹን የሚያሰናዱትና ጎማ ሲያልቅ የሚቀይሩት የአምራቹ መካኒኮች ናቸው። ተጋባዦቹም ከተቀጠረው ሰዓት በፊት ምንም ላያወጡ ይስማማሉ። ሃያ ቪዲዮ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሚዘንበው ለዚህ ነው። ገዢው ጎርፉን አይቶ «ዓለም ሁሉ እያወራለት ነው» ይላል። የሚያወራው ዓለም ሳይሆን ቀጠሮው ነው።

ሌላው የውሰት መኪና ነው። አምራቹ ለመጽሔቱ ወይም ለገምጋሚው ለአንድ ሳምንት ያህል መኪና ያውሳል። ይህ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ዕቃዎች የተጫኑበት ነው፦ የተሻለ ፍሬን፣ የተሻለ ጎማ፣ የተሻለ መቀመጫ። በፖርሽ ላይ የሴራሚክ ፍሬን ብቻውን ብዙ ሺህ ዶላር ያስጨምራል። እንግዲህ በመነሻ ዋጋው የሚገዛ ሰው የሚረከበው ገምጋሚው የነዳውን መኪና አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በውሰት መኪና የተጻፈ ውዳሴም የገዢውን ደጅ አያደምቅም።

ይህ ባዶ ጥርጣሬ የሚመስለው ካለ ታሪኩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በማርች 1964 «ካር ኤንድ ድራይቨር» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፖንቲያክ ጂቲኦ የተባለውን አዲስ መኪና ከጣሊያኑ ፌራሪ ጂቲኦ ጋር አፋጥጦ አወጣ። ፖንቲያኩ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመድረስ 11.8 ሰከንድ ብቻ እንደፈጀበት በሽፋኑ ላይ ታተመ። ርካሹ የአሜሪካ መኪና የጣሊያንን ንጉሥ ተገዳደረ ተባለ። የፖንቲያክም ስም ሰማይ ነካ።

ፌራሪው ግን ለሙከራው አልተገኘም ነበር። ፍልሚያው የወረቀት ነበር። ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። የፖንቲያክን ማስታወቂያ ይሠራ የነበረው ጂም ዋንገርስ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንዳመነው፣ ለመጽሔቱ ከቀረቡት መኪኖች በአንዱ ላይ የተገጠመው ሞተር ለገዢ የሚሸጠው 389 ኪዩቢክ ኢንች ሳይሆን ተለቅ ያለው 421 ነበር። ፈታኞቹ የነዱትን ጻፉ። የነዱት መኪና ግን ማንም ገዢ ከመሸጫው የሚያገኘው አልነበረም። በዚያ ወር አሥር መጽሔት ያንኑ መኪና ቢፈትን ኖሮ፣ ገዢው ያንኑ ውሸት አሥር ጊዜ ያነብ ነበር።

«ያ ድሮ ነው» የሚል ካለ፣ በ2011 የእንግሊዙ የመኪና ጋዜጠኛ ክሪስ ሃሪስ «ጃሎፕኒክ» ላይ የጻፈውን ያስታውስ። ፌራሪ ለሙከራ የሚልካቸው መኪኖች ገዢ ከሚረከባቸው የተለየ ዝግጅት ይደረግላቸዋል፣ አንዱ መኪና ለቀጥታ ፍጥነት፣ ሌላው ለመታጠፊያ ተብሎ ይመጣል ሲል ከሰሰ። የተከተለው ነገር የታወቀ ነው፦ ለተወሰነ ጊዜ የፌራሪ በር ተዘጋበት።

በ2008 ደግሞ ኒሳን ጂቲ-አር የተባለው መኪናው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጀርመኑን የኑርቡርግሪንግ ሜዳ በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ዞረ አለ። ፖርሽ ያንኑ ዓይነት መኪና አሜሪካ ውስጥ ገዝቶ በራሱ ነጂ ሲያስነዳው 7 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ፈጀ። ኒሳን ጥርጣሬውን አልተቀበለም። ማን እውነት ተናገረ የሚለው ክርክር ነው። ክርክር የሌለበት ግን አለ፦ ሁለቱም ተፎካካሪ ሻጮች ናቸው፣ በአንድ ዓይነት መኪና ላይም የ25 ሰከንድ ልዩነት ተገኘ።

የገምጋሚዎቹ ጠበቆች መልስ አላቸው። «ብዙዎቹ ሐቀኞች ናቸው፤ በእራትና በሆቴል አይገዙም፤ መጥፎ መኪና ሲያጋጥማቸውም መጥፎ ይላሉ» ይላሉ። አብዛኛው እውነት ነው። ጥያቄው ግን የግለሰብ ሐቀኝነት አይደለም። ምስክር ችሎት ሲቆም ከተከራካሪዎቹ ጋር ጠብ ወይም ዝምድና እንዳለው የሚጠየቀው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ሰው በመሆኑ ነው። በአገራችን ባህልም የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው ክብር የለውም። ገምጋሚው ይህን በልቡ ያውቃል። ደግሞም ወጪቱን ከሰበረ በሚቀጥለው ወር ማዕድ ላይ አይቀመጥም። ያለ አዲስ መኪና የሚቀር የቪዲዮ ቻናል ደግሞ ሱቁን ዘጋ ማለት ነው።

ሌላም ዋጋ አለ። «ቶፕ ጊር» የተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም በ2008 መጨረሻ የቴስላ ሮድስተርን ባትሪ ተቸ። ቴስላ በ2011 ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2013 ይግባኙም ውድቅ ሆኖ ቢቢሲ ረታ። ቢቢሲ የሕግ ክፍል አለው፣ ሁለት ዓመት መሟገት ይችላል። በአንድ ካሜራና በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ገምጋሚ ግን ገና ሳይከሰስ ቃላቱን ያለሰልሳል። እንዲህ ዓይነቱን ፍርሃት አማካይ ማውጣት አያጠፋውም። ይደምረዋል እንጂ።

ሐቀኛ የሆኑትን ብቻ መርጦ ያነበበ ሰውም ከቁጥር ወጥመድ አያመልጥም። አንድ ገዢ ከአሜሪካ መጽሔት «3.2 ሰከንድ»፣ ከጀርመን መጽሔት «3.6 ሰከንድ» የሚል ቢያነብ የመጀመሪያውን መኪና ፈጣን ብሎ ይመዘግባል። ሆኖም አሜሪካኖቹ የሚለኩት እስከ 60 ማይል ነው፤ ይህም 97 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጀርመኖቹ የሚለኩት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ዋና ዋናዎቹ የአሜሪካ መጽሔቶች ከድራግ ውድድር በወረሱት ልማድ መኪናው የሚንቀሳቀስባትን የመጀመሪያዋን አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከሰዓቱ ያስቀራሉ። ይህ ብቻ ወደ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ያተርፋል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ መኪና ሊሆኑ ይችላሉ። ገዢው ያወዳደረው መኪናዎቹን ሳይሆን የሰዓት አያያዙን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ጊዜ ነው። ገምጋሚ መኪናውን የሚያውቀው ጫጉላ ላይ ነው፤ ገዢው አብሮት ይኖራል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ማንም በአድልዎ የማይጠረጥረው ተቋም ነው። በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካው «ኮንሱመር ሪፖርትስ» ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚፈትናቸውንም መኪኖች እንደማንኛውም ደንበኛ ማንነቱን ሳይናገር ከመሸጫ ይገዛል። በኦገስት 2015 ቴስላ ሞዴል ኤስ ፒ85ዲን ፈተነ። ባለአራት በር ቢሆንም ስፖርት መኪናን የሚያስንቅ ፍጥነት ያለው ነው። ከ100 በሚቆጠረው መለኪያ 103 ወጣለት። መለኪያው ራሱ ጠበበው።

በኦክቶበር፣ ማለትም ከሁለት ወር በኋላ፣ ያው ተቋም የሞዴል ኤስን «ይገዛ» የሚል ምክር አነሳ። ምን ተፈጠረ? 1,400 የሚያህሉ ባለቤቶች ተጠይቀው ስለ ብልሽቱ ተናገሩ። በራሱ ገንዘብ የገዛ፣ የራሱ መሞከሪያ ሜዳ ያለው፣ ከማንም እራት ያልበላ ተቋም እንኳ በፈተና ብቻ ያላየውን ነገር ባለቤቶቹ ነገሩት። ተቋሙም ሰምቶ ቃሉን ለወጠ። ክብሩም ይኸው ነው። ታዲያ ሦስት ቀን የተጋበዘ ሰው ስለ አምስተኛው ዓመት ምን ይናገራል?

«ይህ የሩቅ አገር ሀብታሞች ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ቨርጂኒያና ሲያትል ያለ ሐበሻ ወጣት የፈጣን መኪና ብድር ፈርሞ ለዓመታት የሚከፍለው ቪዲዮ አይቶ ነው። ነገሩ አዲስ አበባም ገብቷል። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ገዢው ፊት ያለው ምርጫ በአብዛኛው ከቻይና የሚመጣ ነው። ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ ትናንት የስፖርት መኪና ብቻ ያደርገው የነበረውን፣ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር መድረስን፣ ያደርጋሉ። የአማርኛው «ግምገማ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሸጫው ግቢ ውስጥ የተቀረጸ ነው። መጨረሻው ላይ የሻጩ ስልክ ቁጥር አለ።

እዚያ ቪዲዮ ላይ «በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር» ሲባል ቁጥሩ ከየት መጣ የሚል የለም። የቻይናው መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛውም 114 ነው። የአውሮፓው አማካይ 46 ተኩል ያህል፣ ከፍተኛው ከ130 በላይ ነው። ስለዚህ አንዱ መኪና በቻይና ወረቀት ረጅም፣ በአውሮፓ ወረቀት አጭር መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ቢሆኑ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ዳገት አያውቁትም። ያንን ዳገት በፈጣን መንገዱ ላይ ሞልቶ ወጥቶ ባትሪው ስንት እንደቀረው የነገረ አንድ ባለቤት፣ ቤጂንግ ወይም ለንደን ከተቀረጹ አሥር ቪዲዮዎች ይበልጣል።

እንግዲህ ባለሙያ አይሰማ ማለት ነውን? አይደለም። መሪው እጅ ላይ ምን እንደሚል፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ ፍሬኑ ሲግል ምን እንደሚሆን ከባለሙያ የተሻለ የሚናገር የለም። የሚቀየረው ጥያቄው ነው። «ስንት ነጥብ ሰጠው?» ከማለት በፊት «መኪናው የማን ነበር? ጉዞውን ማን ከፈለ? ስንት ቀን ነዳው? በየትኛው ጎማ?» ይባል። መልስ የሌለው ግምገማ ማስታወቂያ ተብሎ ይመዝገብ። ገምጋሚዎች በተለያዩበት ቦታ ላይም አማካይ ማውጣት ይቅር። እውነቱ ብዙ ጊዜ የተደበቀው ልዩነቱ ውስጥ ነው። አንዱ «መቀመጫው ምቹ ነው» ሌላው «ወገብ ይሰብራል» ካሉ፣ የሁለቱ አማካይ ማንንም አያስቀምጥም። ገዢው ራሱ ሄዶ አንድ ሰዓት ይቀመጥበት።

ከዚያ ሦስት ዓመት የነዱት ሰዎች ይጠየቁ። መካኒኩ ይጠየቅ፤ እሱ የሚያየው መኪናው ሲታመም ነው። ያገለገለ ከሆነ ጋራዥ ገብቶ ከሥሩ ይታይ።

ገምጋሚዎቹም ዕዳ አለባቸው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከሻጩ ጥቅም ያገኘ ሰው ለተመልካቹ እንዲናገር ይጠይቃል። በአማርኛ የሚገመግሙትም ይህን ለማድረግ ሕግ መጠበቅ የለባቸውም። ከአስመጪው ገንዘብ ተቀብሎ «ወገኔ፣ ይህ መኪና አያስቆጭህም» የሚል ሰው የሚሸጠው መኪና ብቻ አይደለም። ወገንነቱንም አብሮ እየሸጠ ነው። ቪዲዮው ሲጀምር በአንድ ዓረፍተ ነገር «ይህ የተከፈለበት ነው» ቢል ምን ይጎድልበታል? የሚጎድልበት ነገር ካለ፣ ገዢው ማወቅ የሚገባው ያንኑ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሩ ሰው። የስፖርት መኪና በዓይን የሚበላ ዕቃ ነው፤ ዓይን ሲጠግብ ጆሮ የሚሰማው የሚወደውን ብቻ ነው። የቪዲዮው ጩኸት የገዢውን ልብ እንዲያሞቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የብድሩን ውል የሚፈርመው ግን ገዢው ብቻውን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ከአሥሩ ገምጋሚዎች አንዱም ዋስ ሆኖ አይፈርምም።