ጥሩንባው ከለቅሶ በፊት ይነፋ

የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ በየወሩ መዋጮ የምትከፍሉ አባላት ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ድንኳናችሁ የተሟላ ነው። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ አስነፍታችሁ፣ ድንኳን ተክላችሁ፣ ቀብር አስፈጽማችሁ፣ ሐዘንተኛ የምታጽናኑ እናንተ ናችሁ። በአገራችን ከማንም ቀድሞ ሰው ደጅ የሚደርስ ማኅበር ቢኖር እድር ነው። በብርድ ወራት ከየሰፈሩ የምንሰማውን «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚል መርዶ ለማስቀረት አቅም ያለውም እድር ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሥራችን ከሞት በፊት ይጀምር።

በብዙ ቤት የሚታመን አንድ ነገር አለ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ጭሱ ይውጣለት፣ ፍም ሲሆን ይግባ ይባላል። ጥንቃቄ ይመስላል፤ እናቶቻችንም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ሰው የሚሞተው ግን በዚያው በጠራው፣ ጭስ በሌለው ፍም ነው። ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥልና ስለሚያስል ያባርረናል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ፍሙን አመድ አልብሶ፣ ዳፍኖ ማሳደር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። አየር ያነሰው ከሰል በደንብ አይነድም፤ በደንብ ያልነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛዋል። ጨው ጣል ማድረግም ሆነ አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ አንዳች አይፈይድም። ጋዙ ከአየር ጋር እኩል ስለሚቀላቀል አልጋ ላይ የተኛውም መሬት ላይ የተነጠፈለትም ከእሱ አያመልጥም።

በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ሲያገኝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ወንበሩ ሁሉ በማይወርድ ተሳፋሪ እንደተያዘ ታክሲ፣ ደሙ ይዞራል እንጂ ኦክስጅን አያደርስም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው» ይልና ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ፍሙ ይበልጥ ይጠጋል። ተኝቶ ያገኘው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቅ፣ ሳይነቃ ያልፋል። በማኅፀን ያለ ፅንስ ጉዳቱ ይበረታበታል፤ እናቲቱ ቀለል ብሏት እንኳ ከፅንሱ ደም ቶሎ አይወጣም።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ወጥተው አየር ሲያገኙ ቀለል ካላቸውና ሲገቡ ከተመለሰባቸው፣ ያ ጉንፋን አይደለም።

አሁን አንድ ሰርቪስ ቤት ገብተን እንይ። ወርዱ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ስለቆየ ላስቲክ ተመቶበታል። በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ሌባ ይፈራላ። ማታ ሽሮ የተሠራበት ማንደጃ ፍሙ ገና ቀይ ነው፤ ልጆቹ ከተኙበት ፍራሽ ግርጌ ተቀምጧል። ይህች እናት ግድ የለሽ አይደለችም። ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነችው ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ብላ ነው። ያቺ ሌሊት የምትከፋው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ላይ ሲገጥም ነው።

በአንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ከዝናብ የተጠለለው ዘበኛም፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ተጠጋግተው የሚያድሩት የቀን ሠራተኞችም፣ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በር የተዘጋባት አራስም ያው ናቸው። ስለዚህ «ባለማወቅ ሞቱ» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። ብርዱ እውነተኛ ብርድ ነው። «ከሰል አታስገቡ» ብሎ መክሮ ብርድ ልብስ የሌለውን ሰው በብርድ ልብስ እጦት ማሳደር ምክር አይባልም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሩ፦ ከሰል ከሰው ጋር አያድርም። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ይወጣል፤ ሲወጣም ከበርና ከመስኮት ይርቃል። ቡናውን ማንም አይከለክልም። ቡና ሲፈላ ግን በርም መስኮትም ይከፈታል፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። አንቀጹ ከጸደቀ በኋላ አባላቱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤት ለቤት ዙሩ። መዋጮ የማይከፍለውን ተከራይና የዘበኛውን ጎጆ አትዝለሉ፤ አደጋው የሚበዛው እዚያ ነውና። ብርድ ልብስ የሌለው ቤት ስታገኙ መዝግቡ፤ በለቅሶ ጊዜ የምናወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለዚህ ይዋል። ለቀስተኛ ለማብላት የማንሳሳ ሰዎች ለአንድ ብርድ ልብስ አንሰስትም።

አከራዮች ሆይ፣ የኪራይ ቤታችሁ መስኮት የሚከፈት ነው? ተከራያችሁ ምግብ የሚያበስልበት ደጅ ወይም መከለያ አለው? በእንግሊዝ አገር ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዳጅ የሚያቃጥል ማሞቂያ የተገጠመበት ክፍል ያለው ቤት የሚያከራይ ሰው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲያስገባ በሕግ ይገደዳል። እዚህ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለተከራይ ጭስ መውጫ ለመክፈት አንድ ቀን ግንበኛ ማስመጣት ይበቃል። ዘበኛ የምትቀጥሩ ደግሞ ካፖርትና ብርድ ልብስ ከደመወዙ ጋር አብሮ እንደሚገባው ቁጠሩት። ሞተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣልና፣ ጄኔሬተር ያላችሁ ሱቆችና ካፌዎች፣ መብራት ሲጠፋ ከግቢ ውጭ ወይም ከመስኮት ርቆ ይነሳ እንጂ ኮሪደር ውስጥ አይግባ። ጉድጓድ የምትቆፍሩ ወጣቶችም በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓድ አታውርዱ፤ የታፈነ ጓደኛ ለማውጣት ብሎ ተከትሎ የገባ ሰው አብሮ ይቀራል።

የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ይህን ጋዝ ለማወቅ ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትደክም፣ ስትወድቅ ያዩ ሠራተኞች ሮጠው ይወጣሉ። ልማዱ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። ዛሬ ያንን ሥራ በባትሪ የሚሠራ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ አላርም ይሠራዋል። በአውሮፓ መስፈርት የተሠራ አላርም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ 300 ሲደርስ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። የጭስ አላርም ሌላ ዕቃ ነው፤ ይህን ጋዝ አያውቀውም። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከጀርባው የአገልግሎት ዘመኑን እዩ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። ቦታው መኝታ ቤት ነው። አላርም ገዛሁ ብሎ ግን ማንደጃ ማስገባት የለም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ ዕቃ በሰፈራችሁ መደብር መደርደሪያ ላይ ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶውና ከጫማው ጎን ሁለት ሦስት አላርም ጨምሩ፤ አንዱን ለቤተሰብ፣ ሌላውን ለሰፈሩ እድር። ራሳችሁም ተጠንቀቁ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት ሲጠፋ፣ ሂውስተን ከተማ ውስጥ ሰዎች ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሱ፣ ከሰል ወደ ቤት አስገቡ። ሕይወታቸው ካለፈው መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ከአገር የወጣ ሰው ልማዱን ይዞ ይወጣልና የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበሮቻችሁ ከክረምቱ በፊት ይህን ይንገሩ።

አደጋው ከደረሰ ምን እናድርግ? የታፈነ ሰው ካለበት ክፍል ስትደርሱ በሩን በርግዳችሁ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ አውጡት፣ እዚያው ቆማችሁ አትጠይቁት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ወተት አታጠጡት፣ ሎሚ በማሽተት ጊዜ አታባክኑ፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ተራ አየር ብቻ ከተነፈሰ ጋዙ ከደሙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሐኪም ቤት ጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲያገኝ ይህ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ደህና የመሰለው የቤቱ ሰውም አብሮ ይሂድ፤ የመርሳትና የመደናገር ችግር ከቀናት አልፎ በሳምንታት ሊመጣ ይችላልና።

ነርሶችና ሐኪሞች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ደም አይለየውም፤ ሰውየው እየሞተ 98 ሊያሳይ ይችላል። በብርድ ወራት ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት ለመጣ ሁሉ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ቤት ለቤት ስትዞሩ ማንደጃው የት እንደሚያድር ዓይናችሁ ይፈልገው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀድሞ፣ ይህ ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ ይቅረብ። ማቅረቡ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ይህን ያነበባችሁ እጃችሁን አውጡ። አንቀጹ ይጽደቅ፣ ዙር የሚወጡት ይመረጡ፣ ከሰኔ በፊት እያንዳንዱ ቤት ይጎብኝ፤ ከኅዳር ውርጭ በፊት ደግሞ ይደገም። ጸሐፊው በየአባሉ የመዋጮ ደብተር ሽፋን ላይ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 በትልቁ ይጻፍ። ጥሩንባ ነፊውም ዝናቡ በጀመረ ማታ ሰፈሩን ይዙርና ማንደጃችሁን አውጡ ይበል።