ስለ ውርንጭሎች የሰውነት ውኃና ስለ አልትራሳውንድ መሣሪያ

ለምዕራብ ጎጃም የአገር ገዦች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች።

የጎጃም ሰው ፈረስና በቅሎ ወዳድ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት፥ ለባለቤቱ ስለ ቤቱ እንደ መንገር ይሆንብኛል። ጎረቤቶቻችን አገዎች የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን በ1932 ዓ.ም. አቁመው፥ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው የሚወጡበትን በዓል አስለምደዋል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች የጋሪ ፈረስ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፤ የመኪና መንገድ በራቀው ደጋ ደግሞ እህሉን ወደ ገበያ፥ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም የምታደርሰው በቅሎ ናት። አንዲት በቅሎ ለጭነት እስክትደርስ ሦስትና አራት ዓመት ትጠበቃለች፤ የሕይወቷ ትልቁ አደጋ ግን በተወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያልፋል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህ ሳምንት ነው።

አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ከክብደቱ ከመቶው ሰባ አምስት እጅ ያህሉ ውኃ ነው። በቀን የሚጠባው ወተትም ከክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ከአራት አንድ እጅ ይደርሳል፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ቢሆን ከ8 እስከ 10 ሊትር ማለት ነው። እንግዲህ እናቱ ወተት ብታጣ፥ ወይም እርሱ ለመጥባት አቅም ቢያንሰው፥ ወይም ተቅማጥ ቢይዘው፥ ባንድ ቀን ውስጥ በደም ሥሩ የሚዞረው ደም ይቀንሳል፤ እግሩና ጆሮው ይቀዘቅዛል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል። ትልቅ ፈረስ ታግሦ የሚያልፈውን ጥም ውርንጭላ አይችለውም።

የሚያስቸግረው ነገር ግን ይህን ከውጭ ለይቶ ማወቅ ነው። ቆዳውን ቆንጥጦ መልቀቅና ቶሎ መመለሱን ማየት ለትልቅ ከብት የሚረዳ ብልኀት ነው፤ ለአራስ ውርንጭላ ግን ብዙ ጊዜ ያታልላል። ሦስት ውርንጭሎች ባንድ በረት ራሳቸውን ደፍተው፥ ልባቸው በፍጥነት እየመታ፥ መጥባት ትተው ተኝተው ይገኙ ይሆናል። አንደኛው በተቅማጥ ውኃው ያለቀበት ነው። ሁለተኛው በመወለድ ጊዜ ፊኛው ተቀዶ ሽንቱ ወደ ሆዱ ውስጥ የሚፈስስበት ነው፤ ይህም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲያምጥና ሆዱ ሲነፋ ይታያል። ሦስተኛው የእናቱ እንገር ደሙን ያፈረሰበት ነው፤ ድዱ ይገረጣል ወይም ቢጫ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው በሽታ ከፈረስ ውርንጭላ ይልቅ በበቅሎ ግልገል ይበዛል፤ ምክንያቱም ባዝራይቱ ከአህያ ስትፀንስ የራሷ ያልሆነ ዐይነት ደም በማሕፀኗ ስለምትሸከምና ከአንድ ሁለት ወሊድ በኋላ ሰውነቷ ያንን ደም የሚያጠፋ ነገር በእንገሯ ስለሚያኖር ነው። በቅሎ ማስወለድ በተለመደበት አገራችን ይህን ሳያውቁ መቅረት አይገባም።

ሦስቱም ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ውኃ በቶሎ መስጠት ያድነዋል። ለሁለተኛው ፊኛው በቀዶ ሕክምና እስኪሰፋለት ድረስ ውኃ ብቻ መጨመር ሆዱን ማስነፋት ነው። ሦስተኛው የሚያስፈልገው ደም ነው እንጂ፥ ብዙ ውኃ ቢሰጡት የቀረችውን ደሙን ያቀጥንበታል።

አልትራሳውንድ የሚረዳው በዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ የተመለሰውንም ድምፅ በመስኮቱ ላይ ሥዕል አድርጎ ያሳያል። ሐኪሙ ጠጉሩን አርጥቦ መዳሰሻውን በሆዱና በደረቱ ላይ ሲያኖር ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ታላቅ ሥርና ከልብ የሚያወጣውን ታላቅ ሥር ያያል። ውኃ ባለቀበት ውርንጭላ የመላሹ ሥር ከአውጪው ይልቅ ጠብቦ፥ በትንፋሹም ጊዜ የሚጨፈለቅ ሆኖ ይታያል፤ የልቡም ጓዳ ባዶ ስለሆነ ግድግዳዎቹ ሊነካኩ ይቀርባሉ። ፊኛው የተቀደደበት ከሆነ አንጀቱ በጥቁር ውኃ መካከል ሲንሳፈፍ ይታያል። ሁለቱን ሥሮች እርስ በርስ ማስተያየት አንድ መልካም ነገር አለው፤ የውርንጭላው መለኪያ የራሱ ሥር ስለሆነ፥ ትንሽ ቁመና ያላቸውን የአገራችንን ፈረሶች በውጭ አገር ታላላቅ ፈረሶች ሠንጠረዥ መመዘን አያስፈልግም።

መሣሪያው ለፈረስ ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ በፈረንሳይ አገር በ1980 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የባዝራን ማሕፀን መርምረውበታል። ሥሮቹን የማስተያየቱም ዘዴ በሰው ልጆች ሕክምና ተፈትኗል። በሩዋንዳ በተቅማጥ በታመሙ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2010 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መልካም ውጤት ተጽፎለታል፤ ከዚያ በኋላ በባንግላዴሽ በብዙ ሕፃናት ላይ ሲፈተን ግን ትክክለኛነቱ መካከለኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ፍርድ ይስጥ አልልም። አንድ ጊዜ አይቶ ከመወሰን ይልቅ፥ ውኃ ከመስጠት በፊት አይቶ፥ አንድ ሊትር ሰጥቶ፥ ደግሞ ማየት ይሻላል፤ ሥሩ ከሞላ ማቆም፥ ካልሞላ መቀጠል ነው። ከመጠን ያለፈ ውኃም ሳንባን አጥለቅልቆ ይገድላልና።

እኔ ባንድ ጣቢያ፥ ስሙን አልጠቅስም፥ ይህን የመሰለ መሣሪያ በሣጥን ተቆልፎ አቧራ ለብሶ አይቻለሁ። ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር። ስለዚህ ለየወረዳው አንድ አንድ ይገዛ ከሚሉት ጋር አልስማማም። በምዕራብ ጎጃም መካከል፥ ለምሳሌ በፍኖተ ሰላም፥ በባትሪ የሚሠራ አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይኑር፤ ከቢሾፍቱ ወይም ከጎንደር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ሐኪሞች ይሠልጥኑበት፤ አንዱ ቢዛወር ሌላው እንዲቀር። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃና መርፌው ከመሣሪያው በፊት ይገዛ። ውኃ የሌለው ሐኪም ሥሩ ባዶ መሆኑን ቢያይ ምን ያደርግለታል?

ወጪው ለውርንጭላ ብቻ በዝቷል የሚል ሹም ቢኖር፥ ይህ መሣሪያ ላምም ባዝራም መፅነሷን ከማሕፀኗ እንደሚያሳይ ያስታውስ። ከብት አርቢው ለእርግዝና ምርመራ በሚከፍለው ገንዘብ መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይኖራል፤ ውርንጭላው በዚያው ይጠቀማል።

መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ግን የቀበሌ ሹማምንት ለባላገሩ ሊያስታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጤነኛ ውርንጭላ በአንድ ሰዓት ይቆማል፥ በሁለት ሰዓት ይጠባል። ከመጀመሪያው ሽንቱ በኋላ የሚሸናው እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ቢጫና ወፍራም ከሆነ ወተት አልበቃውም። ከሁሉ ይልቅ ግን የባዝራይቱን ጡት ይመልከቱ። አንድ ቀን ከቡሬ ገበያ ስመለስ በመንገድ ዳር አንዲት ባዝራ አየሁ፤ ጡቷ ተወጥሮ ወተቱ ይንጠባጠባል፥ ውርንጭላው ከሥሯ ቆሟል፥ ግንባሩም በወተት ርሷል። ባለቤቱ ጠግቦ የተረፈው መሰለው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነበር፤ ውርንጭላው ለመጥባት አቅም አጥቶ ከጡቱ ሥር ቆሞ ሲውል ወተቱ በራሱ ላይ ፈስሶበት ነው። በማግሥቱ መሞቱን ሰማሁ።

ግንባሩ በወተት የራሰ ውርንጭላ ያየ ባላገር እስኪተኛ አይጠብቅ፤ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ያምጣው። በጋቢ ይሸፍነው፥ በጎኑ ሳይሆን በደረቱ ያስተኛው፥ ወተትም በአፉ በግድ አያፍስስበት፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። ባዝራይቱንም አብሮ ይንዳት፤ ያለ እናቱ የመጣውን ውርንጭላ ሐኪሙ ቢያድነው እንኳ የሚጠባው አያገኝም።