ኤአይ "ጤነኛ ነህ" ብሎ ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?

"ኤአይ ሐኪሞችን ሊተካ ነው" የሚል ፖስት በሳምንት ስንቴ ታያላችሁ? ክሊኒክ ከገባ በኋላ የሚገጥመው ግን ብዙም አይወራም። እስቲ ታይላንድ የሆነውን እንይ።

ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑ በጊዜ ካልታየ ሊታወር ይችላል። ታይላንድ ውስጥ ነርሶች የታካሚውን ዓይን ፎቶ አንስተው ለስፔሻሊስት ይልኩ ነበር፤ ውጤቱ እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። ጎግል በ10 ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ኤአይ ይዞ መጣ። ሲሞከር ትክክለኛነቱ ከ90 በመቶ በላይ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በ11 ክሊኒኮች ሥራ ጀመረ።

ከዚያስ? በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከገቡለት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን "ጥራት የለውም" ብሎ መለሰ። ፎቶው ጥርት እንዲል ክፍሉ መጨለም አለበት፤ አብዛኞቹ ክሊኒኮች ደግሞ የሚጨልም ክፍል አልነበራቸውም። ኢንተርኔቱም ያዘግማል። ፎቶው የተመለሰበት ታካሚ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ስፔሻሊስት ጋ ሂድ ይባላል። ትራንስፖርት ከፍሎ፣ ከሥራ ቀርቶ ማለት ነው። ነርሶቹም በዓይናቸው ደህና የሚመስላቸው ፎቶ ሲመለስ ይበሳጩ ነበር።

ልብ በሉ፣ ሲስተሙ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ባልጠራ ፎቶ አልፈርድም ማለቱ እንዲያውም ጥሩ ነው። ችግሩ የተፈተነበት ቦታ ከሚሠራበት ቦታ ጋር አለመገናኘቱ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት "ውጭ አገር ፈቃድ አለው" የሚል ወረቀት አይቶ ብቻ ማሳለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

ሌላው ጥያቄ የተጠያቂነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኤፍዲኤ ያለ ሐኪም ራሱ ውጤት የሚሰጥ የዓይን ምርመራ ኤአይ ሲፈቅድ፣ አምራቹ ማሽኑ ለሚሠራው ስህተት ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለ። ለእኔ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ትልቁ ዜና ይሄ ነበር።

ወደ እኛ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለቲቢ ሲመረመሩ፣ የደረት ራጃቸውን በሰው ፋንታ ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል ብሏል። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ራጅ አንባቢ ሐኪሞቻችን ደግሞ በአብዛኛው ያሉት ከተማ ነው። ቴክኖሎጂው በጣም ያስፈልገናል፣ ይሄ አያከራክርም።

ሕግ ጭራሽ የለም ማለትም አይቻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግበውም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ግን ዳታ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ የተሳሳተ ውጤት ሌላ። ሶፍትዌሩ "ቲቢ የለም" ብሎ ያሰናበተው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ደም እያሳለ ቢመለስ የሚጠየቀው አምራቹ ነው? አስመጪው? ጤና ጣቢያው? ወይስ ቁልፉን የተጫነችው ነርስ? መልሱ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ነርሷ ማሽኑን ሸፍና ብታስቀምጠው አልፈርድባትም።