ቀን አብሮ፣ ማታ በየአጥሩ

የቻይና ኩባንያዎች በኢትዮጵያ ስለሠሩት መንገድ፣ ባቡርና ሕንጻ ብዙ ተብሏል። ክርክሩ ሁሌም ስለ ብድሩና ስለ ጥራቱ ነው። ቻይናዊውና ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ከሥራ ውጭ ይገናኛሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አገር ከፕሮጀክቱ የምታተርፈው ዕውቀት ግን በዚህም ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ተልኮ የሚመጣው ቻይናዊ መሐንዲስ ወይም ቴክኒሻን ኑሮው ብዙውን ጊዜ በካምፕ ነው። የሚያድረውም፣ የሚበላውም፣ የሚዝናናውም በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ ሲያበቃ ኢትዮጵያዊው በሰርቪስ ወደ ሠፈሩ፣ ቻይናዊው ወደ ካምፑ ያመራል። ቀኑን ሙሉ አንድ ማሽን ሲፈቱና ሲገጥሙ የዋሉ ሰዎች ስለ ልጆቻቸው እንኳ ሳይጠያየቁ ኮንትራቱ ያልቃል።

ለአጥሩ ምክንያት አለው። ካምፕ ወጪ ይቀንሳል፤ ቋንቋም ያስቸግራል። የጸጥታ ሥጋትም አለ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ኦቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ አጥሩን ከፍ ባደረገ ኩባንያ ላይ መፍረድ ይከብዳል።

ይሁንና አጥሩ ዋጋ ያስከፍላል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እንውሰድ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ሥራውን የሚያስኬዱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ለባለቤቶቹ ተላለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማኑዋል ይተረጎማል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ማኑዋል ላይ የማይጻፍ ነገር ግን አለ፤ የትኛው ድምፅ የብልሽት ምልክት እንደሆነ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደማይናቅ። ሰው ይህን የሚያጫውተው ለሚቀርበው ሰው ነው። ጀማሪውም ሳያፍር «አልገባኝም» የሚለው ለሚያውቀው ሰው ነው።

የሚገርመው ሁለቱም ሕዝቦች ማዕድ አክባሪ መሆናቸው ነው። በቻይና የሥራ መተማመን የሚጎለብተው አብሮ በመብላት ነው። በኢትዮጵያም ብቻውን የሚበላ ይታማል። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ለየብቻ የሚበሉት።

ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ከአገሩ ርቆ የመጣው ቴክኒሻን ግን አይታሰብም። በበዓል ከተጠራም የሚጠራው አለቃው ነው፤ እሱ ደግሞ ደጅ ጥናት እንጂ ወዳጅነት አይባልም።

«ሥራ ሥራ ነው፣ ማታው የቤተሰብ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግብዣ ግዴታ ሲሆን ሸክም ነው። ቢራ ቤት የሚደረግ ትውውቅ የማይጠጣውን ያገልላል፤ ልጅ የሚጠብቃትን እናት ያስቀራል። በጋራ ምሳም ላይ የጾሙ፣ የሐላሉና የአሳማ ሥጋው ጉዳይ ይነሳል።

ቡና ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሳይቱ ላይ ቡና ይፈላ፤ አስተርጓሚው ይቀመጥ፤ የማይጠጣ ሻይ ይጠጣ፤ ፎርማኑም የቀን ሠራተኛውም ይኑሩ። በፕሮጀክት በጀት ላይ ከቁጥር የማይገባ ወጪ ነው። የቴክኖሎጂ ሽግግር እያሉ ስንት ሰው እንደሠለጠነ የሚቆጥሩ መሥሪያ ቤቶችም ይህን በውላቸው ቢያስገቡ አይጎዱም።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ካምፑ ይፈርሳል፤ ማሽኑ ግን ይቀራል። ማሽኑ አንድ ሌሊት ሲቆም፣ ሠራተኛው በዊቻት ደውሎ «ይሄ ነገር እንዴት ነበር?» የሚለው ወዳጅ ቤጂንግ ወይም ሼንዘን ውስጥ አለው ወይስ የለውም? ይህ የሚወሰነው ዛሬ፣ አብረው በሚውሉበት ሳይት ላይ ነው።